ይማም ጾም ላይ ነው

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለእናቴ አልነገርኩም፤ የነፍስ አባቴ ስንቱን ጉዴን ሲሰሙ ይህችን አልሰሙም። ግሸን ማርያም አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። አራቱንም ጊዜ ከአውቶቡስ ወርጄ ያንን ዳገት ስያያዘው “የዛሬን እንኳ ተናግሬ ልውረድ” እያልኩ ነበር፤ አራቱንም ጊዜ ይዤው ወጥቼ ይዤው ወርጃለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ? ስለማታውቁኝ ይሆናል። ለማያውቁኝ መናገር መምረጤም ፍርሃት ነው፤ እሱንም ከጥፋቴ ጋር ቁጠሩብኝ።

ሥራዬ የስፖርት ዘገባ ነው፤ ራዲዮ ላይ ነው የምሠራው። ብሔራዊ ቡድናችን ከጎረቤት አገር ቡድን ጋር በራግቢ ሊገጥም ነው። በአገራችን ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ የቅድመ ጨዋታ ዘገባው ሁልጊዜ እኔ ላይ ይወድቃል። ማን ይሰለፋል? ማን ይቀመጣል? በምን ስልት ይጫወታሉ? ከሰባቱ ተሰላፊዎች የስድስቱን ጽፌ ጨርሻለሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ እነሳለሁ። ውሃ እጠጣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሰባተኛው የክንፍ ተጫዋች ነው። ለቦታው ሁለት ወጣቶች አሉ። ትናንት አንድ ሰው ደውሎ “ፈጣኑን ልጅ ጉልበቱን ያመዋል አሉ፤ አይሰለፍም” አለኝ። ማን አለ ስለው “ሰዎች” አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን “መሰለፉ አጠራጣሪ ነው” ብዬ ጽፌ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ትናንት ግን እጄ እምቢ አለ። እኔም እኮ አንድ ጊዜ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ራግቢን ወደ እኛ ያመጡት የስፖርት መምህራችን ጋሽ እሸቱ ናቸው። ኮሌጅ ሳሉ ተምረውት ኖሮ ሁለት ሞላላ ኳስ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው መጡ። ከተማው አይቶ ሳቀ። “እነዚህ ደግሞ ዱባ ይዘው የሚራወጡት ምን ሆነው ነው?” ተባለ፤ ስማችንም “ዱባዎቹ” ሆኖ ቀረ። ሰባት ለሰባት ነበር የምንጫወተው። ኳሱን በእጅ ይዞ ወደ ፊት መሮጥ ይቻላል፤ መወርወር የሚቻለው ግን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነው። ተጋጣሚህ ወገብህን አቅፎ ይጥልሃል። ከመጨረሻው መስመር አልፈህ ኳሱን መሬት ካስነካህ ነጥብ ነው። ለኔ ኑዛዜ ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

ይማም የቡድናችን ክንፍ ነበር። ክንፍ ማለት ሜዳው ዳር ብቻውን ቆሞ የመጨረሻዋን ኳስ የሚጠብቅና ከዚያ በኋላ የሚሮጥ ማለት ነው። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ናቸው፤ ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ታንኳ ላይ ቆሞ የታሰረ ዓሣ ዳር ላይ ላለው ወንድሙ ይወረውራል። ታንኳው ሲወዛወዝ እሱ አይወዛወዝም። ጋሽ እሸቱ መጀመሪያ ቀን ኳስ ሲያቀብል አይተውት “ይኼን ልጅ ማን አስተማረብኝ?” አሉ። ሩጫውንማ ተዉት። እኔ አጠገቡ ሮጬ አውቃለሁ፤ አጠገቡ የምሆነው ስንነሳ ብቻ ነው።

ጓደኛዬም ነበር። ለገና እኛ ቤት ነው፣ ለኢድ እኔ እነሱ ቤት ነኝ። እናቱ እማ ዘሀራ ለኢድ ስመጣ የክርስቲያን እጅ ያረደው ዶሮ ለብቻው በሌላ ድስት አሠርተው ይጠብቁኝ ነበር፤ ድስቱም ከጎረቤት ከክርስቲያን ቤት የተዋሱት ነው። አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። እናቴም ይማም ሲመጣ እንደዚያው ናት። እኛ ዘንድ ስለ ሃይማኖትህ ሰው አይጨቀጭቅህም፤ ቀድሞ ያስብልሃል። አንድ ሰው “ጾም ይዣለሁ” ካለ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ለምን፣ እንዴት፣ እስቲ ለዛሬ ብቻ የሚባል ነገር የለም። ይህን የምነግራችሁ አገሬን ላሞግስ አይደለም። እኔ የገባሁት በዚያች በር ስለሆነ ነው።

እኔ ማን ነበርኩ? ተጠባባቂ ክንፍ ነበርኩ። ከይማም ስም በታች የተጻፈ ስም ነበርኩ። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር አሰላለፉን ካርቶን ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ድምፄ ጥሩ ነው ተብሎ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በድምፅ ማጉያ የማነበውም እኔ ነኝ። የሰባቱን ስም ሳነብ የራሴን ስም አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። ቅናት ነው? ቅናት ነው። ሌላ ስም ሊሰጠው የሚፈልግ ካለ እኔ አልቀበልም።

ሰኔ ውስጥ ከአዲስ አበባ መራጭ ይመጣል ተባለ። የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ከሌላ አገር ወጣቶች ጋር ሊገጥም እየተዘጋጀ ነው፤ እኛ ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ከሚመጡት ልጆች ጋር ስንጫወት ሰውየው ያይና አንድ ልጅ ይወስዳል። አንድ ብቻ። ጨዋታው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ወሩ ረመዳን ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ጋሽ እሸቱ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ ደርድረው ጠበቁኝ። ሁልጊዜ ስልት የሚያስረዱት በለስላሳ ቆርኪ ነው። የአምባሰል ልጆች ደጋ ያደጉ ናቸው፣ ትንፋሻቸው አያልቅም፣ ትከሻቸው ከባድ ነው፤ ፊት ለፊት ከገጠምናቸው ያደቁናል አሉ። ስለዚህ ስድስቱን ቆርኪ መሀል ላይ ሰበሰቡ። መሀል ላይ እንታገላለን፣ እንወድቃለን፣ እንነሳለን፤ እነሱም እኛን ለመጣል ወደ መሀል ይሰበሰባሉ። ያኔ ኳሱ በሦስት ቅብብል ወደ ግራ ዳር ይወጣል። ዳር ላይ አንዲት ቀይ ቆርኪ ለብቻዋ አስቀምጠዋል። ይማም ናት። ስልቱ ሁሉ ለእሷ ሲባል የተሠራ ነበር።

ከዚያ አንገታቸውን አሻሹ። የጨነቃቸው ነገር ነበር። አሥር ሰዓት ማለት ልጁ ከሌሊቱ ሱሁር ወዲህ ምንም ያልቀመሰበት፣ ማፍጠሪያውም ገና የሆነበት ሰዓት ነው። መጠየቅ ፈልገዋል፤ መጠየቅ ደግሞ ፈርተዋል።

“እስቲ አንተ እንደ ጓደኛ ጠይቅልኝ” አሉኝ። “እኔ ብጠይቀው ጾምህን ፍታ ያልኩት ይመስለዋል፤ ያፍራል። እጫወታለሁ ካለ ይጫወታል። አይ ካለ አንድ ቃል እንዳትጨምርበት።”

ሄድኩ። ይማም ታንኳው አጠገብ ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግን ነበር። ገና ሳልጨርስ ገባው። ከመረቡ ቀና ብሎ “ንገርልኝ” አለኝ። “ጾሜንም አልፈታም፣ ጨዋታውም አይቀርብኝም። ረመዳን ከገባ ጀምሮ በጾሜ ስሮጥ ከርሜያለሁ። ወላሂ አንድም ቀን እግሬ አልከዳኝም።” በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደውን መንገድ እስከ ጫፉ ሮጦ ይመለስ ነበር። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። እናቱም “አላህ ያግዝህ” ብለው ፈቅደውለታል። ሁሉን አስቦ ጨርሷል። የቀረው ነገር ቢኖር ያን ቃል ጋሽ እሸቱ ጆሮ ማድረስ ነው፤ እሱን ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ።

ከሐይቁ ዳር እስከ ትምህርት ቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፌ ውስጥ የነበረው ትክክለኛው ቃል ነው። “እጫወታለሁ ብሏል።” ሁለት ቃል! እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እነሱን ይዤ ነው የመጣሁት። ታዲያ የት ጣልኳቸው? በር ላይ? ግቢው ውስጥ? ክፍሉ ስገባ ጋሽ እሸቱ ቀይዋን ቆርኪ በጣታቸው ይዘው ሲያገላብጧት አየሁ። ያየሁት ያንን ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ።

“ጋሼ፣ ጾሙን አስበልጧል” አልኩ። “ለእርስዎ ለመናገር አፍሯል። እባክዎ እንዳይጠይቁኝ ብሏል።”

እያንዳንዷን ቃል ሠርቼ ነው ያወጣኋት። “እንዳይጠይቁኝ ብሏል” ያልኩት ለምን ይመስላችኋል? በር መዝጋቴ ነው። ጋሽ እሸቱ ክርስቲያን ናቸው፤ “አላህ ይቀበለው” አሉ። ከዚያ ቀይዋን ቆርኪ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። “እንግዲህ አንተ ነህ” አሉ። አዝነው ነበር። እኔ ማዘናቸውን አይቼ ቅር አለኝ፤ እኔ በመሰለፌ ስላልተደሰቱ ቅር አለኝ። ይህን ያህል ነበርኩ።

አንዱ ውሸት ሌላውን ጠየቀ። ዓርብ ጠዋት ይማምን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ጋሽ እሸቱ ለጾምህ ክብር ሲሉ ሊያሳርፉህ ወስነዋል አልኩት። መልእክትህን ነግሬያቸው ነበር፣ እሳቸው ግን ልጁ በጾሙ ሲወድቅ አላይም አሉ፤ ነገሩ ለእሳቸውም ከብዷቸዋልና እንዳትጨቀጭቃቸው አልኩት። ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር መጻፍ አልችልም። አንዴ ወደ ጋሽ እሸቱ ክፍል በኩል አየ። ሄዶ ሊያነጋግራቸው ነው አልኩ። አልሄደም። ሰውየው ለሃይማኖቴ አዝነው ያደረጉትን እንዴት ብዬ እሞግታለሁ ብሎ ነው ያልሄደው። “አላህ ይስጣቸው” አለ። ከዚያም ትከሻዬን መታ አድርጎ “አብሽር፣ አንተ ትሮጣለህ” አለኝ። አያችሁ፣ አትጨነቅ ማለቱ ነው። እሱ እኔን ማጽናናቱ ነው።

ሁለቱም በጨዋነታቸው ዝም አሉ። እኔ በዝምታቸው መሀል ተመቸኝ።

በዕረፍት ሰዓት አሰላለፉን በድምፅ ማጉያ አነበብኩ። ስድስቱን ስም ጠራሁ። ሰባተኛው ላይ የራሴን ስም ጠራሁና ማንም ሳይጠይቀኝ “ይማም ጾም ላይ ነው” ብዬ ጨመርኩ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አጨበጨበለት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አጨበጨበለት። አሁን እስቲ ፈልጉ፤ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ይማም ጾም ላይ ነበር። ቃሉ እውነት ነው። በእውነተኛ ቃል ዋሸሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ “እኔ እኮ አልዋሸሁም” እያልኩ ራሴን ያባበልኩትም በዚያው ቃል ነው። ዋሽቻለሁ። ለጋሽ እሸቱ ዋሸሁ፣ ለይማም ዋሸሁ፣ ለትምህርት ቤቱ ዋሸሁ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ይማም ሜዳ ወስዶ አሠለጠነኝ። አዎ፣ እሱ። የመጨረሻዋ ኳስ ስትመጣ እጅህን ቀድመህ ዘርጋ፣ ከተቀበልክ በኋላ ወደ መሀል እንዳታይ፣ መስመሩን ተከትለህ ብቻ ሂድ እያለ፣ አፉ ደርቆ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወረወረልኝ።

ቅዳሜ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ጭቃ ነበር። የከተማው ሰው ዱባዎቹን ሊያይ ወጥቷል። ይማም ደግሞ ምን ሲያደርግ ነበር? ውሃ ያድል ነበር። ማንም አላዘዘውም። ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ መስመሩ ዳር ከእኔ እኩል ይሮጣል። ጋሽ እሸቱ ያሉት ሁሉ እንዳሉት ሆነ። ስድስቱ ልጆቻችን መሀል ላይ ወደቁ፣ ተነሱ፣ ወደቁ፤ የአምባሰል ልጆች ተሰበሰቡ፤ ኳሱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ወደ ግራ ወጣ። እጄን ቀድሜ ዘረጋሁ። ፊቴ ባዶ ሜዳ ነበር። እንዲህ ባዶ በሆነ ሜዳ ማን አይሮጥም? ለይማም እግር የተከፈተ ሜዳ ስለነበር የእኔም እግር በቃው።

በዕረፍት ላብ አጥምቆኝ ቁጭ አልኩ። ይማም መጣና ኩባያውን ሞልቶ ሰጠኝ። “ጠጣ። ከዕረፍት በኋላ ወደ አንተ የሚመጣው ልጅ በቀኝ እግሩ ያነክሳል፤ በቀኙ እለፈው” አለኝ። ጠጣሁ። ውሃው በአገጬ ሲፈስ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ያቺን ፊት ማዞር ስንት ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ። ከዕረፍት በኋላ በቀኙ አለፍኩት። ሁለተኛ ነጥብ። መራጩ ጋሽ እሸቱን “የግራ ክንፉ ማን ነው ስሙ?” ብሎ ሲጠይቅ እዚያው ቆሜ ሰማሁ፤ ስሜንም ሲጽፍ አየሁ።

ጨዋታውም ንግግሩም አልቆ፣ አመሻሽ ላይ ሰው እየተበተነ ሳለ የመግሪብ አዛን አለ። ይማም ከኪሱ ተምር አወጣ። ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ፣ “እንኳን ደስ አለህ” አለኝ። በላሁት። እንዴት ወረደልኝ ትሉኝ ይሆናል። ምንም አላነቀኝም። ጣፈጠኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ሁለት ወር አልቆየሁም። አሠልጣኙ ሦስት ልምምድ አይቶ ገባው፤ ሜዳው ባዶ ሲሆን እሮጣለሁ፣ ሜዳውን ራሴ መክፈት ግን አልችልም። ከሌላ አገር ወጣቶች ጋር የተደረገውን ጨዋታ ከተመልካች ወንበር ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ ግን ለመኖር ወደ ሐይቅ አልተመለስኩም። ራግቢ የሚያውቅ ድምፀ መልካም ልጅ ተፈልጎ ራዲዮ ገባሁ። ሥራዬ፣ ትዳሬ፣ የምኖርበት ቤት፣ ሁሉም የተጀመረው በዚያች ቀይ ቆርኪ ነው። ቦታውን ወስጄ ብጠቀምበት እንኳ አንድ ነገር ነበር። ከይማም ወስጄ ጣልኩት።

ይማም ሐይቅ ቀረ። ዓሣ ያሰግራል፣ ሚስት አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሶ የሚሸጥባት ትንሽ ቤትም አለችው። ራዲዮ ላይ ስናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ለደንበኞቹ “ይኼ ወንድሜ ነው” ይላል። በየዓመቱ ይደውላል። እኔ አንዳንዴ ስልኩ ሲጠራ አይቼ አላነሳም።

ባለፈው መስከረም ከግሸን ስወርድ ሐይቅ ላይ አደርኩ። ቆርጬ ነበር፤ ለእሱ ነግሬ ነው የምሄደው ብዬ። ቤቱ ስደርስ ጋሽ እሸቱም እዚያ ቁጭ ብለዋል። ጡረታ ወጥተዋል፤ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። እንደ እኔው ከግሸን የሚመለሱ መንገደኞች አጠገባችን ዓሣ ይበላሉ። ጋሽ እሸቱ ወደ መንገደኞቹ ዞረው ይማምን በጣታቸው አሳዩአቸው። ይኼን ልጅ ታያላችሁ ወይ፣ አገር ሊመርጠው መጥቶ እሱ ጾሙን የመረጠ ልጅ ነው፣ እንደ እሱ ያለ አላየሁም አሉ። ይማም ሳቀና “ኧረ ጋሼ፣ ለጾሜ ያዘኑልኝ እርስዎ እኮ ነዎት” አላቸው። እሳቸው ትሕትናው ነው ብለው ሳቁ። እሱም የእሳቸው ትሕትና ነው ብሎ ተወው። አንዳቸው “እንዴት?” ቢሉ አበቃልኝ። አንዲት “እንዴት” ብቻ! አላሉም። አንዱ ሌላውን ሲያመሰግን፣ ሌላው ምስጋናውን ሲመልስ፣ መንገደኞቹ “ወሎ እኮ!” እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ እኔ መሀላቸው ቁጭ ብዬ የዓሣ አጥንት እለቅም ነበር። የእኔ ውሸት ለሁለቱ ሰዎች የዕድሜ ልክ መከባበሪያ ሆኗል። አሁን ተነሥቼ ባፈርሰው ምን ይቀራቸዋል ብዬ አሰብኩ። ደግ የመሰለ ሐሳብ ነው። አትመኑት። የፈራሁት ለእነሱ አልነበረም።

ጋሽ እሸቱ ከሄዱ በኋላ ይማም እጁን ታጥቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ ሐይቁ እያየ ነበር። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

“አንዲት ነገር ብቻ ሆዴ ውስጥ ቀርታለች” አለ። “ጋሼ ለምን አንድ ጊዜ እኔን ራሴን አልጠየቁኝም? እጫወታለሁ ብዬህ ነበር እኮ። ነግረሃቸው ነበር አይደል?”

አሥር ዓመት። አሥር ዓመት ያቺን ጥያቄ ይዞ ኖሯል፤ ለጨዋነት ሲል አንድም ቀን ሳይጠይቃቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ለዚህ አልነበር ወይ የመጣሁት? ሌላ ሰው የለም፤ እሱና እኔ ብቻ ነን፤ ጥያቄውም የጠራ ነው።

“ነግሬያቸው ነበር” አልኩት።

“አብሽር፣ እንዲያው ነው” አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ እንደዚያን ጊዜው።

የመጀመሪያውን የሠራሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ የመጨረሻውን የሠራሁት የልጅ አባት ሆኜ ነው። እንግዲህ ልጅነት ነው ብዬ የምሸሸግበትን ነገር ራሴው አፈረስኩት። ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ሥራ ቦታ እነሳለሁ፣ ቤት እነሳለሁ፤ ሚስቴ “ምን ሆነሃል?” ስትለኝ “ምንም” እላለሁ። ያቺም ሌላ ውሸት ናት።

ትናንት ያ ሰው ደውሎ “ጉልበቱን ያመዋል አሉ” ሲለኝ ከላይ የነገርኳችሁ ሁሉ ነው አንድ ላይ የመጣብኝ። ስንት ሰዓት ተንጎራደድኩ፤ በመጨረሻ ስልኩን አንሥቼ ለልጁ ራሱ ደወልኩ። “ጉልበትህን ያምሃል ወይ?” አልኩት። ገረመው። “ኧረ ደህና ነኝ፤ ማን አለ? እጫወታለሁ” አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ዘግቼ አለቀስኩ። በቃ ይኸው ነበር። አንድ ጥያቄ ነበር። ጋሽ እሸቱ ይማምን ቢጠይቁ ኖሮ፣ ይማም ጋሽ እሸቱን ቢጠይቅ ኖሮ እያልኩ ጥፋቱን ለእነሱ ጨዋነት ላካፍል ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። እነሱ ምን በወጣቸው? እኔን አምነው ነው ያልጠየቁት። ሰባተኛውን ስም ጻፍኩ። የቅድመ ጨዋታ ዘገባው አልቋል።

ይህኛው ግን አላለቀም። እስካሁን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ፤ ዛሬም ለይማም መነገር ያለበትን ለሌላ ሰው ነው የነገርኩት። ያኔ ከሐይቁ ዳር ይዤው የመጣሁትን ቃል ለሚገባው ሰው አላደረስኩም፤ አሁንም ለእናንተ እየነገርኩ ነው። ልማዴ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ነገ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ጋሽ እሸቱንም ከቤታቸው ጠርቼ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጬ፣ ማንም መሀል ሳይገባ፣ በገዛ አፌ እናገራለሁ። ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ የምሰጠው ከዚያ ስመለስ ነው። እጃችሁ ከገባ፣ ሁለቱ ከእናንተ በፊት ሰምተውታል ማለት ነው።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይማም ምን አለህ፣ ይቅር አለህ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልነግራችሁም። መልሱ የእሱ ነው፤ ሐይቅ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ፣ እሱን ራሱን ጠይቁት። እኔ በይማም ስም አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ።